የሳሌሃ ልል ጅማት

በመስቃን አገር እንሰት የሚፋቀው ቁጭ ተብሎ ነው። ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ከፊቷ ሳንቃ ዘንበል ተደርጎ ይቆምላታል፤ ከእንሰቱ ግንድ የተገነጠለው ወፍራም ሽፋን ሳንቃው ላይ ይዘረጋል። አንድ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ በተረከዟ ሽፋኑን ታጣብቀዋለች፤ በሁለት እጇ ደግሞ የቀርከሃ መፋቂያዋን ይዛ ከላይ ወደ ታች ትገፋለች። ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ ቃጫው ሳንቃው ላይ ይቀራል። ሥጋው ጉድጓድ ገብቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል። ሴቶቹ ጭናቸውን ገልጠው ስለሚሠሩ ወንድ በዚያ ድርሽ አይልም። ዕድሜውን ሙሉ ቆጮ ሲበላ የኖረ አባወራ እንዴት እንደተፋቀ ሳያይ ይሞታል ማለት ነው።

ሳሌሃን ለትዳር ያበቃት ይህ አቀማመጥ ነበር።

ልጅ ሳለች በአክስቷ ጓሮ ስትፍቅ፣ የከማሉ እናት ለእርዳታ መጥታ አየቻት። ሌሎቹ ሴቶች እግራቸውን ሲሰቅሉ ያቃስታሉ፣ ወገባቸውን ይይዛሉ፣ በየመሐሉ እየተነሡ ይንቀሳቀሳሉ። ሳሌሃ ግን እግሯን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አንሥታ ሳንቃው አናት ላይ ታስቀምጠውና ትረሳዋለች። ጉልበቷ እንደ ቀስት ወደ ኋላ ለምጦ፣ ዳሌዋ መሬቱ ላይ ተዘርግቶ፣ ሳትነሣ ትውላለች።

«እዩልኝማ!» አለች የከማሉ እናት። «ይህቺ ልጅ አጥንት የላትም እንዴ? ይህን የመሰለ እግር ይዛ ሌላ ቤት ከምትገባ እኔ ልቅደም!»

ቀደመችም። ሳሌሃ በዚያው ዓመት ከቡታጅራ ከፍ ብሎ፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ወዳለው የከማሉ ቤት በሙሽርነት ገባች። ሠርጉ ላይ ልጃገረዶቹ አውራ ጣቷን ወደ ኋላ አጥፋ ክንዷ ላይ እንድታስተኛው፣ የክርኗን ቆዳ እንደ ላስቲክ እንድትስበው እየጠየቁ ሲስቁ አመሹ። እሷም አብራ ሳቀች። በሽታ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ማን ሊል ይችላል? ሁሉም ነገር አምሮባታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዋ ባጭሩ ሲነገር ድካም ነው። መጀመሪያ ትከሻዋ ወለቀ፤ ውሃ ስትቀዳ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ ስትሄድ። ከዚያ ዳሌዋ። እንቅፋት የመታት ቦታ ሁሉ ይጠቁራል፤ የቆሰለው ደግሞ ሲድን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሰፊ ጠባሳ ይተዋል። ዕረፍት የሚባለውን ነገር ረሳችው። ሌላው ሰው ሠርቶ ይደክመዋል፤ ሳሌሃ ግን ስትቆምም፣ ስትቀመጥም፣ ማንኪያ ስትይዝም ትደክማለች፤ አጥንቶቿ ቦታቸውን እንዳይለቁ ቀኑን ሙሉ በጡንቻዋ ጠባቂ ሆና የምትውለው እሷ ናትና።

ዛሬ ቢሆን ትምህርት የቀመሰ ሰው አንድ ነገር ይላት ነበር። በሰውነታችን ውስጥ አጥንትን ከአጥንት፣ ጡንቻን ከአጥንት፣ ቆዳን ከሥጋ ይዞ የሚያቆም ነገር አለ፤ አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ይሉታል። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ማያያዣ ከፍጥረቱ ልል ይሆናል፤ ከወላጅ ወደ ልጅም ይወርዳል። ለሳሌሃ ግን ይህን የነገሯት የመንደሩ ወጌሻ አሮጊቷ ከድጄ ናቸው፤ በራሳቸው ቋንቋ።

«ሰው እንደ እንሰት ነው፣ ልጄ» አሉ ከድጄ፣ ዳሌዋን መልሰው ቅቤ እያሹላት። «ሥጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላ ነገር ነበርን። የሚያቆመን ቃጫው ነው። ያንቺ ቃጫ ያልደረሰ እንሰት ቃጫ ሆነ፤ ሲስቡት ይሄዳል፣ ሲለቁት አይመለስም።»

«ታዲያ ይደርስ ይሆን?»

«ስትወልጂ ይጠነክራል።»

ወለደች። ልጇን ዘይባን ስትወልድ ምጡ ሳይጀምር አለቀ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በዕድሏ ቀና። ጅማቷ ግን አልጠነከረም። ዳሌዋ ከድሮው ባሰበት። ከድጄም ቢሆን «ይጠነክራል» ማለታቸውን ትተው፣ ሲጠሯቸው ቅቤያቸውን ይዘው መምጣት ብቻ ሆነ ሥራቸው።

ጣልያን ቡታጅራ ከገባ በኋላ ከማሉን ለመንገድ ሥራ ወሰዱት። ድንጋይ ሲፈልጥ ይሰነብትና አንዳንድ ዓርብ ይመጣል። የመንገድ ሠራተኛ ቤተሰብ ጣልያኑ ሐኪም ዘንድ ይታያል መባሉን የሰማ ጊዜ፣ ሳሌሃን በበቅሎ አድርጎ ወረደ። ሐኪሙ ወጣት፣ ላብ ያጠመቀው፣ የተሰላቸ ሰው ነበር። አስተርጓሚው ፈቃደ የሚባል ከሰሜን የመጣ ጸሐፊ ነው።

ሐኪሙ ዳሌዋን በልብሷ ላይ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ እጇን ያዘና አውራ ጣቷን ወደ ኋላ አጠፈው። ፊቱ በራ። የክርኗን ቆዳ ሳበ፤ ለቀቀ፤ ደግሞ ሳበ። በሩ ላይ ሆኖ ተጣራና ሌላ ጣልያን መጣ፤ እሱም ሳበ። ሁለቱ ተሳሳቁ፤ ብዙ ተነጋገሩ።

«ምን ይላል?» አለች ሳሌሃ።

ፈቃደ ጉሮሮውን ጠረገ። «አጥንትሽ አልተሰበረም። ደህና ነሽ ይላል።»

«ደህና ከሆንኩ ጓደኛውን ለምን ጠራው?»

ፈቃደ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «በይ እህቴ፣ ይህን ክኒን ውሰጂ። የወባ ነው። ሌላ የሰጠኝ የለም» አላት።

ከማሉ በቅሎዋን እየሳበ መለሳት። ቤት ሲደርሱ፣ «ደህና ናት ካሉ እንግዲህ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አትፍረዱበት። ባያት ጊዜ ሁሉ የምታማርር ሚስት፣ ሐኪም አይቷት ጤነኛ ስትባል፣ የማን ቃል ይዞ ይደር? ሳሌሃም ከዚያ ወዲያ ስለ ሕመሟ ማውራት ተወች። መፋቁንም ተወች፤ እንሰቷን ጎረቤት እየፋቀላት በምላሹ ጉድጓዱን ትጠብቃለች፣ የቆጮውን መሸፈኛ ቅጠል ትለውጣለች። «የሳሌሃ ዳሌ ሥራ ሲያይ ነው የሚታመመው» የሚሉም አልጠፉ።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ዘይባን ነው።

ዘይባ ለአቅመ ጋብቻ ደርሳለች። ረጅም ናት፤ ቆዳዋ እንደ ሕፃን ቆዳ የለሰለሰ፤ ስትቆም ጉልበቷ ወደ ኋላ ይለምጣል። ከታች፣ ከመንገዱ ዳር፣ አስካሪ የሚባሉት የጣልያን ቅጥር ወታደሮች ሰፍረዋል። ገበያ የወረደች ልጃገረድ ሁሉ እየሮጠች የምትመለስበት ጊዜ ሆነ፤ ያልተመለሰችም አለች። ከማሉ በመጣ ቁጥር የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህቺ ልጅ ከመንገዱ ትራቅ።

እንዲህ ባለበት ወቅት ሃሊማ መጣች። ሃሊማ ተራራው ላይ፣ አስካሪ ሊወጣው በማይደፍረው ዳገት አናት የምትኖር፣ እንሰቷ እንደ ጫካ የሆነ መበለት ናት። ለልጇ ለሀቢቡ ሚስት ትፈልጋለች። ሳሌሃ ቤት በመጣችበት ቀን ጎረቤቶች የሳሌሃን እንሰት እየፋቁ ነበርና ዘይባም ከመሐላቸው ተቀምጣለች። እግሯን ሳንቃው ላይ ሰቅላ፣ ረስታው፣ እየፋቀች ታወራለች።

ሃሊማ ሰላምታዋን እንኳ አልጨረሰችም።

«አሰላሙ ዓለይኩ... ወላሂ፣ እዩዋት! አቀማመጧን እዩት! እኔ ይህን ያህል ዘመን ስፍቅ እንዲህ ያለ እግር አላየሁም። ሳሌሃ፣ ምን አብልተሽ ነው ያሳደግሻት?»

ሳሌሃ የሰማችው የሞተችውን አማቷን ድምፅ ነበር።

በዚያው ዓርብ ከማሉ መጣና ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈካ። «አልሐምዱሊላህ! ዳገቱ ላይ! ከእነሱ ዳገት ወዲያ ምን እፈልጋለሁ?»

«ልጅቷ እንደ እኔ ናት፣ ከማሉ።»

«እንዴት እንዳንቺ?»

«ጣቷን አይተሃል? ጉልበቷን? ሃሊማ ቤት ያለውን እንሰት አስበው። እዚያ ሳንቃ ላይ ሁለት ልጅ እስክትወልድ ብትቀመጥ እኔን ትሆናለች።»

«አንቺ ደግሞ! ደህና ነሽ ተብለሻል እኮ።»

«ደህና ከሆንኩ ተወኝ፤ እኔው ለሃሊማ ልንገራት።»

ከማሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሲናደድ እንዲህ ነው። «ስሚኝ ሳሌሃ። አንድ ቃል ለሃሊማ እንዳትተነፍሺ። ከዚህ መንገድ ዳር ትውጣልኝ። ከዚያ በኋላ ዳሌዋ ይውለቅ፣ ትከሻዋ ይውለቅ፤ ብቻ በሕይወት ትኑር።»

የሚለው ሐሰት አልነበረም፤ እሷንም የከበዳት ይኸው ነው። ዘይባ ከመንገዱ ካልራቀች የሚመጣባት አለ፤ ከራቀችም የሚመጣባት አለ። ሳሌሃ ጋብቻው እንዲፈርስ አትፈልግም። የምትፈልገው ልጇ ዳገት ላይ ወጥታ፣ ከሳንቃው ርቃ እንድትኖር ነው። በመስቃን አገር ደግሞ ከሳንቃ የራቀች ምራት ስሟ አንድ ነው፤ ሰነፍ።

ለሠርጉ የሚሆነውን እንሰት የሁለቱ ወገን ሴቶች በሃሊማ ጓሮ አብረው ሊፍቁ ተቀጠሩ። ሳሌሃ ሁለት ቦታ እያረፈች ዳገቱን ወጣች። ከድጄንም፣ «እርስዎም ይምጡ፣ ይጫወታሉ» ብላ ይዛ ነበር የሄደችው።

ጓሮው በጫጫታ ተሞልቷል። ሰፍያ የምትባል የሃሊማ እህት ነገረኛ ናት፤ ሳሌሃን ስታይ፣

«ኧረ ሳሌሃ መጣች! ቅጠል አንጥፉላት፣ ሥራ እንዳያያት!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

ሳሌሃም ሳቀች። ከዚያ ሄዳ ከዘይባ አጠገብ ባዶ ከነበረው ሳንቃ ፊት ተቀመጠች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ዘይባ በሹክሹክታ።

«እየፋቅኩ ነው። ሃሊማ፣ ነይ እስቲ እዚህ። ሁለታችንንም እይን።»

እግሯን አነሣች። ከስንት ጊዜ በኋላም እግሯ አልረሳም፤ እንደ ድሮው ሄዶ ሳንቃው አናት ላይ ተቀመጠ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን፣ ጉልበታቸው አንድ ዓይነት ለምጦ፣ ዳሌያቸው አንድ ዓይነት ተዘርግቶ። ሴቶቹ መፋቂያቸውን አስቀመጡ። ሰፍያ እንኳ፣ «ታዲያ ይህን እግር ይዘሽ ነው...» ብላ ጀምራ ተወችው።

ሳሌሃ መፋቂያዋን ገፋች። ደግማ ገፋች። ብዙም አልቆየች፤ ዳሌዋ ውስጥ ያ የምታውቀው መንሸራተት መጣ፣ እግሯ ከሳንቃው ላይ ወደቀና ተጠማዘዘ። ጩኸት አላሰማችም። ፊቷ ብቻ አመድ መሰለ።

«ምን ነካት? ወደቀች?» አለች ሃሊማ።

«አልወደቅኩም» አለች ሳሌሃ፣ ጥርሷን ነክሳ። «አንቺው እያየሽኝ፣ ተቀምጬ ነው።»

ከድጄ በቀሚሷ ሸፈን አድርገዋት፣ ሁለት ሴቶች ወገቧን እንዲይዙ አዘው እግሯን ሳቡት። ዳሌው ሲገባ የተሰማው ድምፅ ሃሊማን አስደነገጣት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሳሌሃ ትንፋሿ ሲመለስ እንዲህ አለች፦ «ሃሊማ፣ የከማሉ እናት እኔን ሲያዩ ያሉትን ነው አንቺ ዘይባን አይተሽ ያልሽው። ያማረ እግር ነው፤ ልል ስለሆነ ነው ያማረው። ልጄን ውሰጃት፤ እለምንሻለሁ ውሰጃት። ከሳንቃው ግን አርቂልኝ።»

ሃሊማ እጇን ከአፏ ላይ አነሣች። ያዘነችላት እንዳይመስላችሁ፤ ተናዳለች።

«ጥሩ አድርገሽ አፌን ዘጋሽው! ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት! እኔ ቤት ከእንሰት ሌላ ምን አለ? ሳንቃ የማትነካ ምራት አምጥታ ሃሊማ ምን አገኘች ሲሉኝ ምን ልበል?»

መልስ የሰጠችው ዘይባ ናት። እንባዋ እየወረደ፣ «እኔ እችላለሁ! እማ ሃሊማ፣ እርስዎ አይስሟት፣ እኔ እንደሷ አይደለሁም!» ብላ እግሯን መልሳ ሰቀለች። በንዴት መፋቅ ጀመረች፤ ሥጋው እየተረጨ ፊቷ ላይ ያርፋል።

ሃሊማ ቆማ አየቻት። ያን ቀን በአድናቆት ያየችውን ጉልበት አሁን እያጎነበሰች፣ ከፊትም ከጎንም አየችው። ጉልበቱ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ሄዷል፤ መፋቂያው በተገፋ ቁጥር ትንሽ ወደ ጎን ይላል፤ ይመለሳል።

«ተነሺ» አለች።

«እችላለሁ አልኩ እኮ!»

«ትችያለሽ፤ አየሁ። ተነሺ።» መፋቂያውን ከእጇ ወሰደችባት። ከዚያ እያቃሰተች፣ ወገቧን ይዛ፣ እሷው ሳንቃው ፊት ቁጭ አለች። «ጉድጓዱን እሷ ትይዛለች። ቅጠሉን ትለውጣለች፣ እርሾውን ትጠብቃለች። ለምን አትፍቅም ያለች ሴት ወደ እኔ ትምጣ፤ ሃሊማ ከለከለቻት በሉ። ሰፍያ፣ ምን ታፈጥጫለሽ? ለሁለተኛው ልጄ እግሯ እንደ ግንድ የደረቀች ሴት ፈልጊልኝ!»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሥራውም ቀጠለ። እንዲህ ሆኖ ነገሩ አለቀ፤ ሃሊማ የዘመዱን ሐሜት ራሷ ላይ ወስዳ፣ ሳሌሃ የሰው ትከሻ ተደግፋ ካልሆነ የማትራመድ ሆና።

ያን ምሽት መውረድ ስላልቻለች ሃሊማ ቤት አሳደሯት። ዘይባ ሰው ሁሉ ፊት ዞር ስትልባት ዋለች። ሲመሻሽ ግን እናቷ የተኛችበት ቦታ መጥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

«አዋረድሽኝ።»

«አዎ» አለች ሳሌሃ።

«ሆን ብለሽ ነው ዳሌሽን ያወጣሽው?»

«ሆን ተብሎ አይወጣም። እንደሚወጣ ግን አውቅ ነበር።»

«በአፍሽ ብትነግሪያት ምን ነበረበት?»

«በአፌ ስናገር ማን አምኖኝ ያውቃል? አባትሽ? ሐኪሙ?» ትንሽ አረፈችና፣ «አንቺስ ታምኚኝ ነበር?» አለቻት።

የጓሮው ድምፅ ቀዝቅዟል፤ ሃሊማ በረት ውስጥ ላሞቿን ስትገስጽ ብቻ ይሰማል። ሳሌሃ ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል የልጇን ድምፅ ሰማች።

«ባለፈው ከገበያ ስመለስ አንድ አስካሪ ተከተለኝ። ሮጥኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ የጉልበቴ አጥንት ወጣ።»

ሳሌሃ ዓይኗን ገለጠች።

«እንሰቱ ውስጥ ተደበቅኩ። እሱ እየፈለገኝ እያየሁት ነው በእጄ የመለስኩት። ለአባባ አልነገርኩትም። ላንቺም።» ዘይባ ወደ እናቷ ዞረች፤ ፊቷ እንደ ሕፃን ሆኗል። «ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ያመኛል፤ ምንም ሳልሠራ ይደክመኛል። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚሆን መስሎኝ ነበር።»

ሳሌሃ በክርኗ ለመነሣት ሞክራ አቃታት። እጇን ብቻ ዘረጋች።

«በየት በኩል ነው የወጣው? በውስጥ ወይስ በውጭ?»

«በውጭ።»

«ወደዚህ አምጪው። ነጠላዬን አጣጥፊና ከጉልበትሽ ሥር አድርጊ፤ እንዲያ ነው፣ ከፍ። በጎንሽ ተኚ። አሁን ሰውነትሽን ልቀቂው፤ ዛሬ እኔ አለሁ፣ እይዘዋለሁ።»